ጥጃ አምኜ ያቆምሁት ካሜራ

ሰው ዕድሜው አርባን ሲጠጋ አንድ ነገር ይነካዋል። አንዱን መሬት መግዛት ያስመኘዋል፤ አንዱን ከጥንት ፍቅረኛው ጋር ስልክ ያደዋውለዋል፤ አንዱን በስተርጅና ክራር ያስጀምረዋል። እኔን የነካኝ ታይምላፕስ ነው። ጠበል የሚያወጣው ዓይነት አይደለም።

ታይምላፕስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፤ ካሜራውን አንድ ቦታ ትተክሉና በየጥቂት ሰከንዱ ፎቶ እንዲያነሣ ታዙታላችሁ። እሱም ቀጭ… ቀጭ… እያለ ሲያነሣ ይቆያል። በኋላ ፎቶዎቹን ደርድራችሁ ስታጫውቷቸው፣ ግማሽ ቀን የፈጀው ነገር አንድ ጉንጭ ሻይ ሳትውጡ ያልፋል። ደመናው ይጋልባል፣ ጥላው እንደ ሌባ ሾልኮ ይሄዳል፣ አበባው ቧ ብሎ ይከፈታል።

ይህን ለባለቤቴ ለትዕግሥት ያስረዳኋት ዕለት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"ታዲያ አንተ ግማሽ ቀን ምን ትሠራለህ?" አለችኝ።

"እጠብቃለሁ።"

"ምን?"

"እስኪያልቅ።"

"ይህንንማ ቢሮህም ትሠራዋለህ" ብላኝ ሽንኩርቷን ቀጠለች። ስሟን ያወጡላት ሰዎች እኔን አስቀድመው ያዩኝ ይመስለኛል።

ኑሯችን ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ነው። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከፋይል ጋር እውላለሁ፣ እሷ ሕፃናት ታስተምራለች። ካሜራውን የሸጠልኝ የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ "ብዙም አልተሠራበትም" ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳየው ብዙ የቀረው ሥራም አልነበረም። ከካሜራው ጋር ሌንስ፣ ከሌንሱ ጋር ትራይፖድ የሚሉት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ከትራይፖዱ ጋር ስላይደር ተከትሎ መጣ። ስላይደር ማለት ክንድ የሚያህል የባቡር ሀዲድ በሉት፤ ካሜራው በላዩ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የእኔው ትንሽ ሞተር ስላለው በራሱ ይሄድ ነበር፤ ሲሄድ ግን ሆዱን እንደ ቆረጠው ሰው ያቃስታል።

የመጀመሪያ ሥራዬ የጓሯችን ጽጌረዳ ስትፈነዳ ማንሣት ነበር። ቅዳሜ ከጧት እስከ ማታ ጠበቅኋት። ሰው ሲያያት አፍራ ነው መሰል ንቅንቅ አላለችም፤ ሲመሽ ካሜራውን አስገብቼ በነጋታው ብወጣ ተከፍታ አገኘኋት። ሁለተኛው ደመና ነበር፤ ያን ቀን ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሰሃን ሆኖ ዋለ። በሦስተኛው የጎረቤት ድመት መጥታ ሌንሱ ፊት ተኛች። ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል የሚያሳይ ረጅም ሥራ ወጣልኝ። ለወዳጆቼ ሁሉ አሳየሁ፤ ወዳጆቼ ቁጥራቸው የቀነሰ በዚያው ሰሞን ነው።

ይህ ሁሉ ማንንም አልጎዳም ነበር። ነገር የመጣው በእትዬ አዛለች ቤት ነው።

እትዬ አዛለች አከራያችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንዲት ልጃቸውን ማስተዋልን ይዘው የኖሩ፣ ሰው የሚያምኑ፣ ሲስቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ማስተዋልን ደልጊ የሚያስተምር ልጅ ለትዳር ጠየቃት። ልጁን አይተው የመረጡት አባባ ተገኘ፣ የእትዬ አዛለች አባት ናቸው፤ እሳቸውም የደልጊ ሰው ናቸውና። ደልጊ ማለት ከጣና ሐይቅ ማዶ፣ በጀልባ ስትሄዱ ቀን የምትፈጅ አገር ናት። እናትየው በልባቸው ምን እንዳሉ አላውቅም፤ በአፋቸው ግን "አባቴ ካሉ እሺ" አሉ።

ለሠርጉ ሲመከር ቪዲዮ የሚያነሣ ሰው ይፈለግ ተባለ።

"እኔ እያለሁ?" አልሁ።

ትዕግሥት ከጠረጴዛው በታች እግሬን ረገጠችኝ። አልሰማሁም። ሰው ሲነካው እግሩ አይሰማም።

"አንተ ልጅ፣ ትችልበታለህ?" አሉኝ እትዬ አዛለች።

"እትዬ፣ ለልጅዎ ስጦታዬ ይሁን።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ አገላብጠው ሳሙኝ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

የሠርጉን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ስላይደሩን በቢራ ሣጥኖች ላይ ጭኜ ሙሽራዋ ስትገባ በእርጋታ ልከተላት አሰብሁ። ሙሽራዋ ግን እንደ ስላይደሩ አቃስታ አትሄድም፤ እልል ሲባል ፈጥና አለፈች፣ እኔ ደግሞ ከኋላዋ የመጡትን የወጥ ድስቶች በእርጋታ ተከተልሁ። ዋናው ነገር ግን አባባ ተገኘ ሲመርቁ ነበር። ሽማግሌው ብድግ ሲሉ ዳሱ ጸጥ አለ። ካሜራውን አስተካክዬ፣ ስላይደሩን አስነሥቼ፣ ከጀርባው ቆምሁ። ምርቃቱ ረጅም፣ የሚያምር፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ ነበር። እኔም አለቀስሁ። እያለቀስሁ ካሜራው ምን እያየ እንደሆነ አላየሁም።

እሑድ ተሠረገ። ሙሽሮቹ ከተማው ውስጥ ከሙሽራው ዘመዶች ዘንድ ሰነበቱ፤ ቅዳሜ መልስ ተጠርተው፣ በማግሥቱ አባባ ተገኘን ይዘው በጀልባ ወደ ደልጊ ሊሻገሩ ነው። ቪዲዮው በመልሱ ዕለት ይታያል ብዬ ቃል ገባሁ።

እትዬ አዛለች ከዚያ ወዲህ ልክ አልነበሩም። የሁለት ሰው ወጥ እየሠሩ ግማሹን ለእኛ ያመጣሉ። "ለምዶብኝ" ይላሉ። ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሳቅ ከግቢም አልተሰማ አለ።

ረቡዕ ጧት ማልጄ ተነሣሁ። ቪዲዮው መክፈቻ ያስፈልገዋል። መክፈቻው ደግሞ ጣና ላይ ፀሐይ ስትወጣ መሆን አለበት።

"ማስተዋል እኮ የወጣችው ከእናቷ ቤት ነው፤ ከሐይቅ አይደለም" አለች ትዕግሥት ከብርድ ልብሱ ሥር።

"ጥበብ ነው።"

"እሺ፣ ቢያንስ የሠርጉን ሚሞሪ ከካሜራው አውጥተህ አስቀምጠህ ሂድ። ኮምፒውተር ላይ ገልብጠኸዋል?"

ኮምፒውተሬ ባልተከፈተች ጽጌረዳና በተኛች ድመት ጢም ብሎ ሞልቷል። ሌላ ሚሞሪም የለኝም። "ቶሎ እመለሳለሁ" ብያት ወጣሁ።

በባጃጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የበዛበት ዳር ወረድሁ። ጎሕ እየቀደደ ነው። ዳሩ ላይ እምቦጭ የሚሉት አረምና ደንገሉ እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ ድርቆሹ ተነባብሮበት፣ እንደ ወፍራም ምንጣፍ ወደ ሐይቁ ገባ ብሏል። ጫፉ ላይ ካሜራ ቢቆም ከፊቱ ውሃና ፀሐይ ብቻ ነው የሚቀረው። በአንድ እግሬ ረገጥ አደረግሁት፤ ትንሽ ረገብ አለ። አመነታሁ። ወዲያው አንዲት ጥጃ ከጎኔ አልፋ፣ ምንጣፉ ላይ ወጥታ፣ ሣር ትግጥ ጀመር።

እንግዲህ ጥጃ የቆመበትን መሬት ማን ይጠራጠራል? ጥጃ ያልፈራችውን እኔ ካሜራ ይዤ ልፈራ?

እዚያው የወደቀች ሳንቃ አገኘሁ፤ ጫፉ ላይ አጋድሜ ትራይፖዱን በላይዋ፣ ስላይደሩን በትራይፖዱ፣ ካሜራውን በስላይደሩ ላይ ደረደርሁ። ሌንሱን ወደ ሐይቁ አዞርሁ። ቀጭ… ቀጭ… ማለት ሲጀምር ደስ አለኝና በጫማዬ ጫፍ እየተራመድሁ ወደ ዳር ተመለስሁ። ትንሽ ወረድ ብሎ አንዲት ዋርካ አለች። ሥሯ ተቀምጬ ዳቦዬን አወጣሁ፣ ስልኬን ከፈትሁ።

ጥጃዋ በመሐል ዘላ ወደ ዳር ስትወርድ አይቻለሁ። "ጠገበች" አልሁ።

ዳቦዬን ጨርሼ ቀና ስል ካሜራው ከነበረበት ራቅ ብሎ ታየኝ። መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ኩራት ነው። "ስላይደሩ ዛሬ እንዴት ያለ መንገድ ሄደ!" አልሁ። ቀጥሎ ስላይደሩ ክንድ እንደሚያህል ትዝ አለኝ። ቀጥሎ ዳሩንና ምንጣፉን አየሁ፤ በመካከላቸው ውሃ ነበር። ነፋሱ ምንጣፉን ከዳሩ ቆርጦ፣ ካሜራዬን በላዩ አስቀምጦ፣ እንደ ንጉሥ ይዞት እየሄደ ነው።

ጮህሁ። ማንን እንደጠራሁ እንጃ፤ "ቁም!" ብዬ የጮህሁ ይመስለኛል። ወደ ቀኝ ሮጥሁ፤ ወደ ግራ ሮጥሁ። ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ወጣሁ። ዋና አልችልም። እጄን አወናጨፍሁ፤ ማንም የለም። በዚያ መሐል ስልኬ ጮኸ። እትዬ አዛለች ናቸው። ላለማንሣት ፈራሁ፣ ለማንሣትም ፈራሁ፣ አነሣሁት።

"ደኅና አደርህ፣ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ።"

"ምነው ታለከልካለህ?"

"ስፖርት… ስፖርት እየሠራሁ ነው።"

"ጎሽ። እንዲያው የቪዲዮዋን ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው። አባቴ ለቅዳሜ ትደርሳለች ወይ እያሉ አስጨነቁኝ።"

"እየሄደች ነው፣ እትዬ።"

"ጥሩ እየሄደች ነው?"

ሐይቁን አየሁ። "በጣም ጥሩ ነው የምትሄደው።"

"እኔማ የአባቴን ምርቃት መልሼ ብሰማው ይወጣልኝ ነበር። ያን ዕለት አንዱም አልገባኝ፤ ልጅቱን ልጅቱን ሳይ። ብቻ በእግዚአብሔር እጅ ናት በለኛ!"

"አሁንስ በእሱ እጅ ብቻ ናት" አልሁ። ካወራሁት ሁሉ ውሸት የሌለበት ይህ ብቻ ነበር።

ስልኩን ዘጋሁ። እስከዚያች ደቂቃ ያዘንሁት ለካሜራው ነበር። አሁን ግን ያች ቀጭ ቀጭ እያለች የምትሄድ ነገር ሆዷ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ እንዳለ ገባኝና እንደ ሕፃን ልነፋረቅ ዳዳኝ።

ያዳነኝ ታንኳ ነው። ከደንገሉ ጀርባ አንዲት ታንኳ ብቅ አለች፤ በላይዋ ነጭ የጠመጠሙ አረጋዊ ቁጭ ብለው ይቀዝፋሉ። በኋላ እንደነገሩኝ መሪጌታ ኅሩይ ይባላሉ፤ ከደሴቶቹ በአንዱ ቅኔ ያስተምራሉ። ጧፍና ዘቢብ፣ አንድ ጆንያም ድንች ጭነዋል።

"የኔታ! የኔታ! ይድረሱልኝ! ሄደብኝ!"

"ማን ነው የሄደብህ?" አሉኝ መቅዘፊያቸውን ሳያቆሙ።

"ካሜራዬ!"

"ማን ወሰደው?"

"እምቦጩ!"

አሰብ አደረጉ። "እምቦጭ ደግሞ ካሜራ ምን ያደርግለታል?"

በጣቴ አሳየኋቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ለረጅም ጊዜ አዩ። "በስመ ሥላሴ! ባለ ሦስት እግር ነው። እኔማ ሽመላ መስሎኝ 'ደኅና አደርሽ' ብያት ባጠገቧ ማለፌ ነው።"

"ይውሰዱኝ፣ የኔታ!"

"ዋና ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"ለአገሩ እንግዳ ነህ?"

"ኧረ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው።"

"ወግ ነው!" አሉና ታንኳዋን ወደ ዳር አስጠጉልኝ።

ታንኳን ለማታውቁ አንድ ነገር ልምከራችሁ፤ ታንኳ ለጸሎት እንጂ ለማባረር አልተሠራችም። ድንቹ ላይ ተቀመጥሁ፤ ውሃው ከሥር እየሰረገ መቀመጫዬን አራሰው። በእጄ ልቅዘፍ ብዬ ስንጠራራ መሪጌታ "አትነቃነቅ! ድንቹ የማኅበር ነው፤ አንተ የግልህ ነህ" አሉኝ። ገባኝ፤ እጄን ሰበሰብሁ። ነፋሱ ምንጣፉን ይገፋል፣ እኛ እንከተላለን፣ እሱ ይርቃል። መሪጌታ አንዴ ያረፉ እንደሆን፣ ስለ አገሩ ስለ ዘመኑ የጠየቁኝ እንደሆን፣ ልቤ በአፌ ልትወጣ ትደርሳለች።

"እንዲያው ይህ ካሜራ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚያንሰፈስፍህ? ሌላ አይገዛም?"

ነገርኋቸው። ስለ እትዬ አዛለች፣ ስለ ሁለት ሰው ወጥ፣ ስለ ምርቃቱ፣ ስለ ቅዳሜ። መቅዘፊያቸው ቆመ።

"አንተ ልጅ" አሉ፣ "ይህን መጀመሪያ ብትነግረኝ እኮ ጠንክሬ እቀዝፍ ነበር።"

ከዚያ በኋላ የቀዘፉት ቀዘፋ! ነጠላቸውን አጣፍተው ታጠቁ። ታንኳዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ትንሿፈፍ ጀመር። እኔ በፍርሃት ድንች ታቅፌያለሁ።

ደረስን። ካሜራው እንደቆመ ነው። ስላይደሩ ላይ አንድ አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ ቆሞ ሌንሱን ቁልቁል እያየ ነው። ካሜራው ቀጭ ባለ ቁጥር ወፉ ራሱን ዘንበል ያደርጋል። እንደዚያ በትሕትና ፎቶ የሚነሣ ሰው ሠርጉ ላይ አላገኘሁም። ስንጠጋው በረረ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። "አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ማንገቻውን በዚህ ቆልምሜ አመጣዋለሁ።"

ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ በሰላም ባለቀ። ነገር ግን መቋሚያው ማንገቻውን ሲነካ ትራይፖዱ ተወዛወዘ፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ እያየ አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ ምንጣፉ ላይ ወረድሁ። ጥጃዋን አምኜ፣ አሁንም።

ምንጣፉ አልሰበርም አላለም፤ ዝም ብሎ ተከፈተ። እስከ ብብቴ ገባሁ። ስወድቅ የያዝሁት ስላይደሩን ነበር፤ ስላይደሩ ከትራይፖዱ ተላቀቀ፤ ካሜራው ዘሎ በመቋሚያው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። መሪጌታ በአንድ እጃቸው መቋሚያውን፣ በሌላ እጃቸው የሸሚዜን ኮሌታ ይዘው ታንኳዋ ላይ ዘመሙ።

"ኧረ እኔ ሁለታችሁን አልችልም!" አሉ። "ማንኛችሁን ልልቀቅ?"

"እኔን! እኔን ይልቀቁኝ!"

"እግዚኦ! ይኸስ ለይቶለታል!" አሉ። ካሜራውን ወደ ጆንያው ወረወሩና በሁለት እጃቸው እኔን ጎትተው አወጡኝ። እምቦጭ በጆሮዬ ተንጠልጥሏል። ስላይደሩ የለም፤ ትራይፖዱም ቀስ ብሎ በጎኑ ተጋድሞ ሲሰጥም አየነው። መሪጌታ ኮፍያ ባይኖራቸው ጥምጥማቸውን ነካ አደረጉለት። ካሜራው ግን ድንቹ መካከል ሆኖ አሁንም ቀጭ… ቀጭ… ይላል። እኔም ልስቅ ይሁን ላለቅስ ሳላውቅ ጥርሴ አብሮት ተንገጫገጨ።

ዳር አድርሰውኝ ሲመለሱ "ቅዳሜ እናትየውን ሰላም በልልኝ" አሉኝ። አይተዋቸው እንኳ የማያውቋቸው ሴት ናቸው።

ቤት ስገባ ትዕግሥት ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ፎጣ አመጣችልኝ። የሠርጉን ቪዲዮ ከፈትን። ሁሉም አለ። ምርቃቱ ጋ ስንደርስ አባባ ተገኘ ብድግ ሲሉ በደንብ ታዩ። ከዚያ ስላይደሩ እያቃሰተ መሄድ ጀመረ። ሽማግሌው ወደ ዳር ሸሹ። ጺማቸው ታየ፣ ጆሯቸው ታየ፣ ከዚያ እሳቸው ወጥተው የዳሱ ምሰሶ ገባ። ከምሰሶው አጠገብ አንድ ሰው አጥንት ይግጣል። እስከ ምርቃቱ መጨረሻ ምሰሶውና አጥንቱ።

ያን ጊዜ ምነው ከትራይፖዱ ጋር በሰጠምሁ አልሁ። ሐይቁ የራራልኝን እኔው በእጄ አጥፍቼዋለሁ።

"ድምፁ አለ አይደል?" አለች ትዕግሥት።

"ድምፁማ አለ።"

"እንግዲያው እንዳለ ታሳያለህ። ምን ይደረጋል።"

ቅዳሜ የእትዬ አዛለች ሳሎን ሰው በሰው ሆነ። ኮምፒውተሬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁ። ሙሽሮቹ ከፊት፣ አባባ ተገኘ ከሶፋው መሐል፣ እትዬ አዛለች በር አጠገብ በርጩማ ላይ። ድስቶቹ ሲገቡ ሰዉ እልል አለ፤ ጥሩ ነው፣ አልሁ። ምርቃቱ መጣ። ምሰሶው ገባ። አንዱ ሳል ጀመረ። ሙሽራው ወደ ጣሪያው አየ። አንድ ሰው ከኋላ "ያ የሚግጠው አጎቴ አይደለም እንዴ?" አለ።

"እትዬ፣ ይቅርታ…" ብዬ ለማቆም ጎንበስ ስል፦

"አትንካው!" አሉኝ እትዬ አዛለች። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። "ተወው፤ ልስማበት።"

እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሰሙት። በእያንዳንዱ "አሜን" ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲያበቃ አባባ ተገኘ ምርኩዛቸው ላይ እንደተደገፉ "መቼስ የእግዜር ነገር" አሉ፣ "ምሰሶውም ተመረቀ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በላብ። ድንጋጤዬ ገና ሳይለቀኝ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ የሚቀጥለው የሐይቁ ነበር። ለማንም ላሳየው አላሰብሁም፤ ሰው ግን ዓይኑን ተክሏል።

ፀሐይዋ ከውሃው ብቅ አለች። ከዚያ ሥዕሉ ቀስ ብሎ ይዞር ጀመር፤ ምንጣፉ እንደ ሰፌድ እየተሽከረከረ ኖሯል። በስላይደርም በሞተርም ያላገኘሁትን እርጋታ ዞረ። ዳሩ መጣ፣ ዋርካዋ መጣች። ሥሯ አንድ ሰው ዳቦ ይበላል። ስልኩን ያያል። ዋርካዋ ትርቃለች። ሰውየው ይበላል። ደግሞ ትርቃለች። ደግሞ ይበላል።

"አንተ ነህ?" አለች ማስተዋል።

ሰውየው ቀና አለ። ተነሣ። ከዚያ አበደ። በፎቶ በፎቶ ስለሆነ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እንደ ቁንጫ ነው የሚፈናጠረው። ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ሁለት እጁን ሰማይ ይሰቅላል። ስልክ አውጥቶ ጎንበስ ቀና እያለ ያወራል።

"ረቡዕ ጧት…" አሉ እትዬ አዛለች ቀስ ብለው። "ስፖርት ያልኸኝ ይኸ ነው?"

ከዚያ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከበርጩማው ወረዱ፤ ከዚያ ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሳቅ ወጣ። እንባቸው እየወረደ "'በጣም ጥሩ ነው የምትሄደው' ይለኛል እኮ!" እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። የወፉ ዓይን ቴሌቪዥኑን ሲሞላው ልጆች ጮኹ። ሰውየው እያነሰ ሄደ፤ ሕፃን አከለ፣ ዶሮ አከለ፣ ጉንዳን አከለ፤ ጉንዳንም ሆኖ ይዘላል።

"ድገመው" አሉ እትዬ አዛለች። ደገምሁት። ያልሳቁት አባባ ተገኘ ብቻ ነበሩ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ወደ ፊት ተስበው ያያሉ።

"ሽኝት ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ምን አሉ፣ አባባ?" አልሁ።

"አዛለችን ወደዚህ የዳርኋት ዕለት እኔ ደልጊ ወደቡ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጀልባዋ እያነሰች፣ እያነሰች ጠፋችብኝ። እስከ ዛሬ እሷ ናት ያነሰችብኝ እል ነበር።" ጉንዳኑን በምርኩዛቸው ጫፍ አመለከቱ። "ለካ እኔም ለእሷ እንዲህ ሆኜ ኖሯል የቀረሁ።"

ሳቁ ቆመ። እትዬ አዛለች ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ አባታቸውን አዩ። "አንድ ነጭ ነገር ሆነው ነበር፣ አባዬ" አሉ። "ጋቢዎ ብቻ። ጋቢዎን እስኪደክመኝ አየሁት።" ማስተዋል ከሙሽራው ጎን ተነሥታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልፋ፣ እናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እሑድ ጧት ሁላችንም ወደቡ ላይ ነበርን። ጀልባው ዕቃ ጭኗል። ማስተዋልና ባሏ፣ አባባ ተገኘም ተሳፈሩ። ትዕግሥት እጄን ይዛለች፤ ካሜራው አንገቴ ላይ ነው፤ እናነሣ ይሆን ብዬ ይዤው መጥቼ እናነሣ ለማለት አፍ አጣሁ። እትዬ አዛለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሞተሩ ተነሣ። ጀልባው ከወደቡ ለቀቀ። ማስተዋል ኋለኛው ጠርዝ ላይ ሆና እንባዋን ትጠርጋለች።

ትንሽ እንደራቁ እትዬ አዛለች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ በዳሩ ላይ ወደ ቀኝ ሮጡ። ወደ ግራ ተመለሱ። ሁለት እጃቸውን ሰማይ ሰቅለው ዘለሉ። እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገብተው ወጡ። ከጀልባው የማስተዋል ሳቅ መጣ፤ ጠርዙን ይዛ ለሁለት ታጥፋለች፤ አባባ ተገኘ ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አንሥተው ያወዛውዛሉ።

እትዬ አዛለች እያለከለኩ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ትገተራለህ? ና እንጂ! አንተ አይደለህ የምትችልበት!"

ካሜራውን ለትዕግሥት ሰጥቼ ሮጥሁ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እየዘለልሁ፣ እጄን እያወናጨፍሁ። ጀልባው ልጅ አከለ፤ ዶሮ አከለ። ዓሣ የሚያራግፉ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያዩናል። ትንፋሽ አጥሮኝ ዞር ስል ትዕግሥት ካሜራውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላ እጇ እያውለበለበች፣ ከኋላችን እየሮጠች ነበር።